ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል

ማኅበሩ ውስጥ «አፈ ጉባኤ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የቦርዱ ሰብሳቢ ነው፤ ጡረታ የወጣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ያለ ቀልድ ስብሰባ የማይከፍት ሽማግሌ። ደብዳቤ ላይ ማዕረጓ «አስተባባሪ» ነው። እውነቱን ካወራን ግን ሥራዋ ስለ ሰው መናገር ነው። ስልክ ሲጮህ ትናገራለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትናገራለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ታናሽ ወንድሟ ትናገራለች። ወንድሟ የማኅበሩ ብቸኛ መምህር ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች ላሏቸው ወላጆች የምልክት ቋንቋ ያስተምራል። እሱ በእጁ ይላል፣ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆማ በአፏ ትደግመዋለች።

ነገሩ የተጀመረው እሱ አምስት፣ እሷ ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ ነው። ትኩሳት መጣ፣ ልጁን ሦስት ሳምንት አስተኛው፣ ሲሄድም ጆሮውን ይዞ ሄደ፤ ንግግሩም ተከተለው። እናታቸው ልጅቷን የማድ ቤቱ በር ላይ አስቁማ «ከእንግዲህ አፉ አንቺ ነሽ» አለቻት። ልጅ አደራ አይገባውም የሚሉ ሰዎች ይቺን ልጅ አላዩም። ዳቦ ቤት ሲላኩ ሻጩ ወደ ትንሹ ጎንበስ ብሎ «ምን ልስጥህ፣ ጎረምሳው?» ይላል። ትንሹም የእህቱን ትከሻ በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ያኔ የምልክት ቋንቋ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም፤ ይቺ ግን የሁለቱ የግል ምልክት ነበረች። «አንቺ ንገሪልኝ» ማለት ነው። እሷም ደረቷን ነፍታ «ሁለት ዳቦ!» ትላለች።

ያ ልጅ አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ዘጠኙን ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ ኖሯል፤ አለቃው ሊጠራው ሲፈልግ በመጥረጊያ እንጨት ጀርባውን የሚነካበት ቦታ ነበር። ማስተማር ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። እነዚህ አራት ዓመታት ሰው አደረጉት። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። ክፍል ሲገባ መብራቱን ሁለት ጊዜ ያጠፋና ያበራል፤ አሥራ አራት ወላጅ እኩል ቀና ይላል። እሷ ከኋላ ቆማ ይህን ባየች ቁጥር እናቷን ታስባለች።

አንድ ቀን ብቻ፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ወንበር እየደረደሩ ሳለ፣ «አንቺን እየሰሙ እጄን አያዩም» ብሏት ነበር በእጁ። ሳቅ አለች። «ታዲያ ማን ይንገርልህ?» አለችው። እሱም ወንበሩን መደርደር ቀጠለ።

ጉዱ የመጣው በአንዲት ጨዋ ደብዳቤ ነው። የሚያስተምሩበት አዳራሽ ያለበት አሮጌ ሕንጻ ሊፈርስ ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ይልቀቁ ይላል። አፈ ጉባኤ ከተማውን በእግሯ አሰሰች፣ ሌላ አዳራሽ ግን ጠፋ። ቦርዱ ተሰበሰበና ቆረጠ፤ ትምህርቱ ወደ ኦንላይን ይዛወራል፣ ካልተሳካ ማኅበሩ ይዘጋል። ወንድሟ ያን ዕለት ማታ ቤት ሲገቡ የጠየቃት አንድ ጥያቄ ነው። «መጋዘኑ እስካሁን ሰው ይቀጥራል?» አላት። «ዝም በል!» አለችው። ለማን እንደምትለው ከተናገረችው በኋላ ገባትና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በልቧ ማለች፤ እሷ ቆማ ወንድሟ ወደዚያ እንጨት አይመለስም።

በሳምንቱ ሦስት የቪዲዮ ትምህርት መተግበሪያዎች አጨች። «ሦስት ወንድ ለጋብቻ ጠይቆናል፣ ልጃችንን ለማንኛው እንስጥ?» ብሎ ሰብሳቢው ስብሰባውን ከፈተ። የመጀመሪያው ወዲያው «ቆንጆው» ተባለ፤ ቀለሙ ያማረ፣ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ነጻ የሆነ፣ የሚናገረውን ሰው ራሱ ለይቶ በስክሪኑ ላይ የሚያጎላ፣ ከጀርባ ያለውን ያልታጠበ ሳህን ሁሉ የሚያደበዝዝ። ሁለተኛው «ጮሌው» ነው፤ ፈተና ያወጣል፣ ያርማል፣ ሰርተፍኬት ያትማል። ሦስተኛውን «ምስኪኑ» አሉት። መልኩ ዓይን አይገባም፣ ሰውን ሁሉ በእኩል ሣጥን ደርድሮ ያስቀምጣል፣ መስመር ትንሽ ሲደክም ደግሞ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

የመመዘኛ ቅጽ አዘጋጀች። ድምፅ፣ ምስል፣ አጠቃቀም፣ ሰርተፍኬት፤ ለእያንዳንዱ ከአምስት ነጥብ፣ ከሥር ለአስተያየት ሁለት መስመር። ገምጋሚዎቹ አራት ናቸው፤ ሰብሳቢው፣ እሷ፣ የወላጆች ተወካይ የሆነው የከባድ መኪና ሹፌር፣ እና መምህሩ። ሹፌሩ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ጆሮዋ አይሰማም። መንገድ ላይ ስለሚውል ከሦስት ትምህርት ሁለቱ ያመልጡታል። የተማረውን እንዳይረሳ ምልክቶቹን በወረቀት ሥሎ ከመሪው በላይ ለጥፏል። ለእሱ ኦንላይን ማለት ከልጁ ጋር ማውራት ማለት ነው።

ሙከራው ስድስት ቀን ወሰደ። «ይሰማል?» «ይሰማል!» «አሁንስ?» «ኧረ እንደ ጎረቤት!» እየተባባሉ ሦስቱንም ፈተሹ። ወንድሟም በየመሀሉ ብቅ ይላል፣ ወደ ካሜራው እጁን ያወዛውዛል፣ እሷ «ጥሩ ነው?» ስትለው አውራ ጣቱን ያነሳል። ዓርብ ጠዋት ውጤቱ ለቦርዱ መድረስ ነበረበት። የሦስቱ ገምጋሚዎች ቅጽ ተሞልቷል፣ የመምህሩ ባዶ ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ነበር። እሷም እስክሪብቶዋን አንስታ ሞላችለት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው፤ እሷ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። የራሷን ቅጽ ጎን አስቀምጣ ነጥቡንም አስተያየቱንም ገለበጠች፣ ከታች ስሙን ጻፈች፣ ላከች። ቆንጆው በሰፊ ልዩነት አለፈ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። መምህሩ አዳራሹ ውስጥ ላፕቶፑ ፊት ቆመ፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። እሷ በቢሮዋ፣ በራሷ ላፕቶፕ፣ ማይኳን ከፍታ ለማስተርጎም ተዘጋጀች። አሥራ አራቱም ገቡ። ሰብሳቢውም «ሙሽራውን ልይ» ብሎ ገባ።

መምህሩ እጁን አነሳ። ቆንጆውም ሥራውን ጀመረ፤ የሚናገረውን ሰው ለይቶ ማጉላት። መምህሩ ግን ድምፅ የለውም። ድምፅ ያላት እህቱ ናት። እሷ «ደህና ዋላችሁ» ብላ ስታስተረጉም የእሷ ፊት ስክሪኑን ሞላው፣ እሱ ጥግ ላይ የቴምብር ያህል ሆነ። እሷ ዝም ስትል ደግሞ የአንዲት እናት ውሻ ጮኸና እናትየው ገነነች። ቀጥሎ ሰብሳቢው ሳለ፤ የሽማግሌው ሳል ረጅም ስለሆነ ለረጅም ጊዜ እሱን አዩ። ያ አልበቃ ብሎ ጀርባ የሚያደበዝዘው ነገር የመምህሩን ጣቶች ከግድግዳው ጋር እያደባለቀ ይበላቸዋል፤ አምስት ሲያሳይ ሦስት ይታያል። በዚህ ቋንቋ ደግሞ ጣት ጎደለ ማለት ፊደል ጎደለ ማለት ነው። እሷም ይህን ለማስተካከል የበለጠ ተናገረች፣ በተናገረች ቁጥር የበለጠ ገዘፈች።

መምህሩ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጠፋና አበራ። ማንም ቀና አላለም። እንደገና አጠፋና አበራ። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ሄዶ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ሹፌሩ ወዲያው መልእክት ላከላት። «እህቴ፣ መኪናዬን አቁሜ እሱን ላይ ነበር፣ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው። አንቺም ቆንጆ ነሽ፣ ግን ልጄ ጋ የሚያደርሰኝ የሱ እጅ ነው» ይላል። አንብባ ሳትጨርስ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይህን የመረጠው ማነው?» አላት በእጁ።

«ሁላችንም።»

«እኔም?»

ቅጾቹ ያሉበትን ፋይል ከጠረጴዛዋ አንስቶ ገለጠ። ያኔ ትዝ አላት። ልትነጥቀው እጇን ዘረጋች፣ አልደረሰችም። በስሙ የተሞላውን ቅጽ አገኘና አነበበ። ድምፅ፣ አምስት ከአምስት። የመምህሩ አስተያየት፦ «ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።»

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ልክ የለውም፤ ራሱን ስለማይሰማ ሳቁ ከሆዱ እንደመጣ ይወጣል፣ እሷም ያን ሳቅ ከዓለም አስበልጣ ትወደዋለች። አብራው ልትስቅ ስትል ቆመ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ አስተካከለው።

«ቸኩዬ ነው» አለች። «የራሴን ገልብጬ…»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ የራስሽን ነው የምትገለብጪው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዳቦ ቤት ስንሄድ» አለ፣ «እኔ የምፈልገው ብስኩት ነበር። ሁልጊዜ ብስኩት ነበር።»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ አጠፈችው።

«ለመጋዘኑ አለቃ ጻፊልኝ» አላት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ተዪው። እኔ እጽፋለሁ።»

ያን ቀን አፈ ጉባኤ ቢሮዋን ዘግታ አለቀሰች። ያስለቀሳት መጋዘኑ ብቻ አልነበረም። ስንት ብስኩት እንደነበረ ማሰብ ጀምራ ነው። ትምህርት ቤት የትኛው ክፍል ይግባ ሲባል የመለሰችው እሷ ናት። ሐኪሙ «ያመዋል?» ሲል «ትንሽ» ያለችው እሷ ናት። አንዲት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ «ወንድምሽ ይወደኛል?» ብላ ስትጠይቃት «እሱ ገና ነው» ያለቻትም እሷው ናት። ይህን ሁሉ ያደረገችው በፍቅር ነው። እኔም ባለታሪኳን ልከሳት አልሻም፤ ከአቅሟ በላይ የወደደች ሴት ናት። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እሷም ያፈሰሰችው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው።

እሑድ ጠዋት ግቢውን ተሻግራ ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደች። በሩ ላይ ደወል የለም፤ ውጪ ያለው ማብሪያ ሲጫኑት ውስጥ ያለው አምፖል ይበራል። ተጫነችው። ሲከፍት በአንድ እጇ አንድ እሽግ ብስኩት፣ በሌላው ሦስት ባዶ ቅጾች ይዛለች። እጇ ስለተያዘ ይቅርታ ማለት አልቻለችም። ብስኩቱን ከእጇ ወሰደ፣ ከፈተው፣ አንድ አንስቶ በላ። ሲያላምጥ ብዙ ቆየ። «ይጣፍጣል» አለ በመጨረሻ። «ግን ከዳቦ ቤቱ ይልቅ ደረቅ ነው።»

«ደብዳቤውን ላክከው?» አለች እጇ ሲፈታ።

«ነገ።»

«እስከ ረቡዕ አቆየው፤ ያን ቀን ቦርዱን አሰበስባለሁ። አስተምረኝ፤ መተግበሪያዎቹን ምን ልጠይቃቸው?»

ወንድሟ ቅጹን ተቀብሎ እስክሪብቶ አነሳ። መጀመሪያ ያደረገው «ድምፅ» የሚለውን መስመር መሰረዝ ነው። በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ በዚያ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ በቆመ ፊደሉ፣ ሌላ ጻፈ። ጣቶች ሳይቆረጡ ይታያሉ? ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢናገር ሁለቱም ይታያሉ? መምህሩ ራሱን ማጉላት ይችላል ወይስ ሌላ ሰው ይመርጥለታል? ተማሪው መብራት ቢያጠፋ መምህሩ ያያል? መስመር ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ምንድን ነው?

የመጨረሻውን ስታነብ ቀና አለች። እሷ ስድስት ቀን ሙሉ ይህን አልጠየቀችም።

ሦስት ቀን ሞከሩ። እሱ ክፍሉ ውስጥ፣ እሷ ግቢው መጨረሻ ከዛፉ ሥር፣ የሁለቱም ላፕቶፕ ድምፅ ተዘግቶ። እሷ ከለመደችው ውጪ ስለሆነ ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር እሱ በስክሪኑ ላይ ጣቱን ያወዛውዛል፤ መምህርነቱ አላስተኛውም። ምልክቷንም አረማት፤ «ነገ» ስትል ለካ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጇ ዝቅ ይል ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» ስትለው «መቼ ዝም ብለሽ?» አላት።

ጮሌው ሰርተፍኬቱን አሳምሮ ቢያትምም እጅን ዘግይቶ ነው የሚያደርሰው፤ ምልክቱ ተጀምሮ መሀሉ ይዘለልና መጨረሻው ይመጣል። ምስኪኑ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። የሚያደበዝዝ ነገር የለውም። መምህሩ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ራሱን በሁሉም ስክሪን ላይ ማጉላት ይችላል፣ ሌላው ሰው ቢያስል ቢጮህ ንቅንቅ አይልም። ሹፌሩን ደወሉለትና ከሩቅ፣ መስመር ከሚያነክስበት ተራራ ሥር ሆኖ ገባ። ምስኪኑ ድምፁን ወዲያው ጣለ። ምስሉን ግን አልጣለም። ሹፌሩ በተሰነጠቀ መስተዋት በኩል እያበራበት ያለውን ፀሐይ በእጁ ከልሎ፣ ቀስ እያለ፣ «መምህር፣ አየሁህ» አለ በምልክት። ቅጹን የሞሉት ሦስቱ ለዚህ ጠባዩ ነበር ምስኪኑን ከመጨረሻ ያስቀመጡት፤ ድምፅ ይጥላል ብሎ።

ረቡዕ ከሰዓት ቦርዱ በምስኪኑ ላይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ፊቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ «ሰርጉ ተደግሶ ሙሽራ ይቀየራል?» አለ። «ያውም በዚህ? ሰርተፍኬት የለው፣ መልክ የለው፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ለለጋሾቹ ምን ብዬ ልጻፍ? እንግዲህ አፈ ጉባኤ፣ አስረጂን። ካላሳመንሽን ነገሩ እዚሁ ያበቃል።»

እሷ ወንድሟ ጎን ተቀምጣለች፣ ሁለቱ በአንድ ካሜራ። አራት ገጽ ንግግር ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አኑራለች፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ ሰብሳቢውን ያስለቅሰዋል። አፏን ከፈተች። የወንድሟን እጆች አየች፤ ጉልበቱ ላይ ተጋድመው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። አፏን ዘጋችው።

ከዚያ ጣቷን አንስታ ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

ዞሮ አያት። ከዳቦ ቤቱ ወዲህ ይህን ምልክት የነካው የለም። ያኔም ቢሆን የእሱ እንጂ የእሷ አልነበረም። ለጥቂት ጊዜ ፊቷን አነበበ፤ እውነቷን መሆኑን አየ፤ ኮሌታውን አስተካከለ፤ የማጉያዋን ቁልፍ ተጭኖ መናገር ጀመረ።

ሁሉም አፈ ጉባኤ እስክታስተረጉም ይጠብቃል። እሷ ከንፈሯን ነክሳ እጆቿን ጭኗ መሀል ከተተች።

«ምን አለ?» አለ ሰብሳቢው።

ከአንዲት ሣጥን፣ ከቆመ መኪና ጋቢና፣ ጉሮሮውን የጠረገ ሰው ተሰማ። «እኔ ልሞክር» አለ ሹፌሩ። «ከተሳሳትኩ ይቅር በሉኝ። መምህር፣ ቀስ በልልኝ።»

ይህንኑ በእጁም ደገመው፤ መምህሩ ቀስ አለለት።

«እናንተ… ድምፅ መዘናችሁ። ልክ ናችሁ፣ የናንተ… ቆይ፣ ድገምልኝ… የናንተ መንገድ ድምፅ ነው። የኔ መንገድ እጅ ነው። መስመር ሲደክም ይሄኛው ድምፅ ይጥላል፤ እጄን አይጥልም።» ሹፌሩ ላቡን ጠረገ። «ሰርተፍኬት አልሰጥም ይላል። አባት ልጁን 'ዛሬ ምን ዋልሽ' ብሎ ከጠየቀ፣ እሷም ከመለሰችለት… ያ ነው ወረቀቱ።» ሹፌሩ ከመሪው በላይ ወደ ለጠፈው ወረቀት ቀና አለ። «እህቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተናገረችልኝ ይላል። አሁን… አሁን ቁጭ ብላ ትየኝ።»

ሰብሳቢው ለወጉም አልሳለም። «ይህን ያልከው አንተ ነህ ወይስ መምህሩ?»

«መምህሩ ነው፣ ጋሼ። እኔ አፉ ነኝ።»

አፈ ጉባኤ ታይ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እነዚህን እጆች ያየችው ወደ ቃል ልትለውጣቸው ነው፤ ገና ሲነሱ አፏ ይቀድማቸዋል። እጅን ለማየት ብቻ አይታቸው አታውቅም። የአባታቸው እጆች ናቸው፤ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ቀለስ ማለቱ ሳይቀር፣ ሁሉም። እንዴት ያምራሉ።

«እንግዲህ» አለ ሰብሳቢው፣ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ «ልጃችንን ለምስኪኑ ሰጥተናል። ቅዳሜ ትምህርት ይጀመር።» ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ እሷ ዞረ። «አፈ ጉባኤ፣ የምትጨምሪው አለ?»

እጇን ከጭኗ መሀል አወጣች። ሁለቱን እጆቿን ወደ ካሜራው አንስታ፣ ወንድሟ ባረማት መሠረት ቀጥ አድርጋ፣ በምልክት መለሰች።

ሰብሳቢው ሹፌሩን ጠበቀ።

«የለኝም ትላለች» አለ ሹፌሩ።